የእናቴ ሞግዚት

ፍርድ ቤት ለእናቴ ሞግዚት ሊሾምላት መሆኑን የሰማሁ ዕለት ሰፈሩን በሩጫ አዳረስኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል። ሞግዚት ምን እንደሆነች በደንብ አውቃለሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ አቤኒ አንድ አለቻት። ቦርሳዋን ትሸከምላታለች፣ የጫማዋን ክር ታስርላታለች፣ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠች ታጎርሳታለች። አቤኒ ይህ ሁሉ እየተደረገላትም ታለቅሳለች። እናቴ እንደማታለቅስ፣ እንቁላሉንም እንደምታካፍለኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ለትልቅ ሰው ሞግዚት የለም» አለችኝ አቤኒ።

«ለእማዬ አለ። መንግሥት ነው የሚልክላት።»

አቤኒ ሄዳ እናቷን ጠየቀች። እናቷ ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሴትየዋ ባየችኝ ቁጥር ፀጉሬን ትዳብሰኝ ጀመር። ቀንታብን ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሕግ ይህንኑ ቃል ለሌላ ነገር እንደሚጠቀምበት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የሕግ ሞግዚት እንቁላል አይልጥም። በሰውየው ፈንታ ይፈርማል፣ ያከራያል፣ ይለውጣል፤ ሰውየው ደግሞ በሕይወት እያለ እንደሌለ ይቆጠራል። የአቤኒ እናት ይህን ታውቅ ነበር።

ከተማዋን በስሟ አልጠራትም። አዲስ አበባን ከበው ከተቀመጡት አንዷ ናት። ሰበታ ብል የሰበታ ሰዎች ይቀየሙኛል፣ ቡራዩ ብል የቡራዩ፤ ሱሉልታ ደግሞ አጎቴን ስንት ዓመት የቻለች ከተማ ስለሆነች ሌላ ሸክም አልጨምርባትም። ለማንኛውም ያኔ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ክፍለ ከተማ ተብላለች።

እናቴ ውብአየሁ ትባላለች። አምስት ዓመቷ ላይ ማጅራት ገትር ይዟት ጆሮዋን ወስዶባት ሄደ። አስፓልት ዳር ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን በር ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከጫንጮ ወዲያ መኪናው ተገልብጦ ሲሞት ቤቱ በእናቴ ስም ዞረ። እኔና እሷ የምንነጋገረው በእጃችን ነው። ግማሹ እሷ ትምህርት ቤት የተማረችው ምልክት ነው፤ ግማሹ እኔና እሷ ቤት ውስጥ የፈጠርነው፣ ከሁለታችን በቀር ማንም የማያውቀው።

አጎቴ ጋሽ ዳኜ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ደግ ሰው ነው፤ ይህን የማውቀው ራሱ ደጋግሞ ስለነገረን ነው። ከሱሉልታ በመጣ ቁጥር ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጥና አስፓልቱን በመስኮት እያየ «ይኼ ቦታ እኮ የትም አይገኝም» ይላል። እኔ መስኮታችንን የሚያደንቅልን ይመስለኝ ነበር። ከእናቴ ጋር ሲነጋገር ለእሷ ፈገግ ይላል፣ ነገሩን ግን ለእኔ ይነግረኛል።

«ዕድሌ፣ እናትሽ ደክማለች» አለኝ አንድ እሁድ፣ ብስኩት እያስያዘኝ። «አትሰማ፣ አትናገር። አንድ ቀን መኪና ቢገጫትስ? ፍርድ ቤት ሞግዚት እንዲሾምላት አመልክቻለሁ።»

«ሞግዚት? ለእማዬ?»

«አዎ። የሚጠብቃት፣ ነገሯን የሚያይላት።»

«ውሃ ትቀዳለች?»

ጋሽ ዳኜ ትንሽ አሰበ። «ሁሉንም ታደርጋለች» አለ። ያቺን «ታደርጋለች» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከአፉ የወጣች ብቸኛ ውሸት እሷ ናት፤ ሌላው ሁሉ እውነት ነበር። «አንቺ ብቻ ፍርድ ቤት ስንሄድ እሺ አስብያት። ግትር መሆኗን ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ብስኩቱንም በላሁት።

ቀጠሮው ሐምሌ መጨረሻ፣ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ሲል ነበር። ሕንፃው ባለ ፎቅ ነው፤ ችሎቱ የሚሰየመው ላይኛው ፎቅ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ሃያ ስድስት ነው፤ መደገፊያ ግን የለውም። «ፍትሕ ለሁሉም» የሚል ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ ተለጥፏል፤ የተለጠፈው ሃያ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ለማንበብ መድረስ ያስፈልጋል።

ከታች በሩ አጠገብ፣ ትልቅ ጃንጥላ ሥር፣ ኦቦ ሞቱማ የሚባሉ ማመልከቻ ጸሐፊ የጽሕፈት መኪናቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የሚሄዱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። እኔ የፍርድ ቤቱ አለቃ መሰሉኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ቆሟል፣ እሳቸው ብቻ ተቀምጠዋል፤ ሊያናግራቸው የመጣ ሁሉ ደግሞ ጎንበስ ይላል። ከዚህ በላይ አለቃ ምን አለ? ለዚያ ፍርድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ጽፈው ችሎት አንድም ቀን ገብተው እንደማያውቁ ማን ይነግረኛል።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ? እንዴት አደርሽ፣ ልጅት?» አሉኝ። «ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ለእማዬ ሞግዚት ልንወስድ።»

እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ለየትኛዋ እናትሽ?»

«ለእሷ!»

አንድ ነገር ሊሉኝ ሲሉ ጋሽ ዳኜ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ እጄን ጎትቶ ደረጃውን አስጀመረኝ።

ዳኛዋ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። የፍርድ ቤቱ ሥራ በኦሮምኛ ነው። አንድ ነገር ጠየቁ፤ እናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። እንደገና ጠየቁ፤ እንደገና እጅ ነሳች።

«ክብርት ዳኛ፣ መስማት አትችልም» አለ ጋሽ ዳኜ።

ዳኛዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው አስተርጓሚ ይመደብላት» አሉ።

አስተርጓሚው የሱፍ ይባላል። ቀጭን፣ ትሑት ወጣት ነው፤ ሥራው ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ መመለስ ነው። እናቴ ፊት ቆመና የዳኛዋን ጥያቄ ጥርት ባለ አማርኛ ነገራት። እናቴ አየችው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። ሦስተኛውን ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ ጮኸባት፤ መስኮቱ ላይ የነበሩት እርግቦች ብር ብለው ተነሡ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጉንጯን ጠረገች።

«ክብርት ዳኛ» አለ የሱፍ አቀርቅሮ፣ «አማርኛም አትችልም።»

ችሎቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች። አምና ያገላበጥኩት መዝገብ ይህን ሁሉ በአንዲት መስመር አልፎታል፦ «ለተጠሪ በሕግ መሠረት አስተርጓሚ ተመድቦላታል።»

«ልጅቷ ታስተረጉማለች» አለ ጋሽ ዳኜ። አንድ ሰው የወረቀት ካርቶን አምጥቶ ከላዩ አቆመኝ።

«ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ ትናገሪያለሽ?» አሉኝ ዳኛዋ በአማርኛ።

«አዎ፣ ቲቸር።»

የሱፍ ጥያቄውን አማርኛ አደረገልኝ። «ተጠሪ ጤናዋ የተጓደለ በመሆኑ ራሷንና ንብረቷን ማስተዳደር ስለማትችል ሞግዚት እንዲሾምላት የቀረበውን አቤቱታ ትቃወማለች ወይስ አትቃወምም?» ከዚህ ሁሉ ውስጥ የገባኝ አንድ ቃል ነው። ወደ እናቴ ዞሬ በእጄ «የምታግዝሽ ሴት ትምጣልሽ?» አልኳት።

«ማን ናት?» አለች እናቴ።

«መንግሥት የሚልካት።»

ዳኛዋን አየች፣ ጋሽ ዳኜን አየች፣ እኔን አየች። «መጥታ ምን ልትሠራ?»

«ሁሉንም። ውሃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች።»

እናቴ አሰበች። ለመስከረም የታዘዘው ዩኒፎርም ቤቱን ሞልቶታል፤ ሌሊትና ቀን ስትሰፋ ዓይኗ ቀልቷል። «ካውያ ትችላለች? ካውያ ከቻለች ትምጣ።»

«እሺ ብላለች!» አልኩ ካርቶኑ ላይ ሆኜ። «ካውያ ትችላለች ወይ ትላለች።»

ችሎቱ እንደገና ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ ጻፉ። የጻፉትን አሁን በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «ተጠሪ አቤቱታውን እንደማትቃወም በአስተርጓሚ አማካይነት አረጋግጣለች። ስለ ካውያ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ነገር በመናገሯም ችሎቱ ያለችበትን ሁኔታ ለመረዳት ችሏል።»

ስንጨርስ ችሎት አስከባሪው ወረቀት አምጥቶ እናቴ ፊት አስቀመጠ። እናቴ እጇን ወደ ደረት ኪሱ ዘረጋች። ሰውየው ደንግጦ እጇን ያዘና አውራ ጣቷን የቀለም መርገጫው ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። እጇን መነጨቀችው፤ እንደገና ወደ ኪሱ ዘረጋች። አፈርኩባት። «እማዬ፣ የሰው ኪስ አይነካም!» አልኳት። ወደ ቤት ስንሄድ ሰማያዊ ጣቷን እያየሁ ስስቅ፣ እሷ መንገዱን ሙሉ ጣቷን በነጠላዋ ስታሽ ነበር።

ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ነበር። እናቴ አዲስ አበባ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ የእጅ ጽሕፈቷ ከዳኛዋ ይበልጣል። መዝገቡ ሠላሳ አራት ገጽ ነው። እስከ ሠላሳኛው ገጽ ድረስ «መጻፍ ትችያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም።

የቀረውን ክረምት ሞግዚቷን በመጠበቅ አሳለፍኩት። የምትተኛበትን ጥግ ጠረግሁ፤ የራሴን ትራስ አስቀመጥኩላት። መኪና በቆመ ቁጥር በር ላይ እወጣለሁ። አቤኒ በየቀኑ እየመጣች «መጣች?» ትለኛለች። «ካውያ እየተማረች ነው» እላታለሁ።

በእሷ ፈንታ አንድ ጠዋት ጋሽ ዳኜ መጣ። ሁለት ሰዎችና አንድ ሜትር ይዟል። ሰዎቹ ሰላም ሳይሉን ከበራችን እስከ አስፓልቱ መለካት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ሞግዚቷስ?»

«የቷ?»

«የእማዬ።»

ኮቱን አስተካከለ። «እኔ ነኝ ሞግዚቷ» አለ።

አየሁት። ጺሙን፣ ቦርጩን፣ የሚያብረቀርቅ ጫማውን። ጀሪካን ተሸክሞ ከቦኖ ሲመጣ ታየኝ። ለእናቴ በእጄ «የምታግዝሽ ጋሼ ነው» ብዬ ስነግራት መቀሱን እስክታስቀምጥ ድረስ ሳቀች። ሰዎቹ የስፌት መኪናዋን አንስተው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ሲያኖሩት ግን ሳቋ ቆመ። ተነስታ እግሮቿን አንፈራጣ በሩ ላይ ቆመች።

«ንገሪያት» አለኝ ጋሽ ዳኜ። «እዚህ ሱቆች ልንሠራ ነው። ለእሷም ከኋላ አንዲት ክፍል ትሠራላታለች። ለእሷው ብዬ ነው።» ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። በኦሮምኛ የተጻፈ ነው፤ እናቴ አታነበውም። ስሟን ግን አገኘችው። ከሥሩ ደግሞ ሰማያዊውን የጣቷን አሻራ።

እኔ በጋሽ ዳኜ በጣም ተናደድኩ። የድሃይቱን ሞግዚት ሥራ ቀምቶ ለራሱ ወስዷል ብዬ ነው።

እናቴ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ፣ እኔን በሌላው እጇ ይዛ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ እስከ ፍርድ ቤቱ በር በእግር ወሰደችኝ። ዝግ ነው። ኦቦ ሞቱማ ግን ጃንጥላቸው ሥር ናቸው፤ ፍርድ ቤት ቢዘጋም የሰው ችግር አይዘጋም ይላሉ። ወረቀቱን አነበቡት።

«ያስተረጎምሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ!» አልኩ በኩራት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርቶኑን፣ የሱፍን፣ ካውያውን። ስለ ካውያው ሲሰሙ ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከዚያ ከጆሯቸው ላይ እስክሪብቶ አንስተው ከንጹሕ ወረቀት ጋር ለእናቴ ሰጧት።

ሁለቱ ከዚያ ወዲያ እኔን ረሱኝ። እሷ ትጽፋለች፣ እሳቸው ያነባሉ፣ ከሥሩ ጽፈው ይመልሱላታል። አንድ ቦታ ላይ እናቴ ቀና ብላ እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። የራበኝ መስሏት ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። የተያያዘ አጻጻፋቸውን ማንበብ ስላልቻልኩ ቅር አለኝ፤ እናቴ ያለ እኔ ከሰው ጋር ስታወራ አይቼ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ እናቴ አንድ ገጽ ሞልታ ሰጠቻቸው። ኦቦ ሞቱማ አንብበው ሲጨርሱ ወንበራቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጣታቸውን የመጨረሻው መስመር ላይ አድርገው «ይውጣ?» ብለው ጻፉላት። እናቴ እስክሪብቶውን ተቀብላ መስመሩን ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ገጹ መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ሁለቱ መስመሮች አልደበዘዙም። እንዲህ ይላል፦ «እኔ ውብአየሁ አልሰማም። አያለሁ፣ እሰፋለሁ፣ አነባለሁ፣ ልጄን አሳድጋለሁ፣ ሲነኩኝም እናደዳለሁ። ፍርድ ቤቱ ምን እንደጠየቀኝ አላወቅሁም፤ ምን እንደመለስኩም አላውቅም። ሞግዚት የተሾመልኝ ስለማልሰማ ከሆነ፣ እኔን ሳይሰማ ለፈረደው ፍርድ ቤትም ሞግዚት ይሾምለት።»

ጥቅምት ላይ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ኦቦ ሞቱማ ማመልከቻውን በኦሮምኛ አዘጋጅተው የእናቴን ገጽ አያያዙበት። ይዤው ወደ ሬጅስትራሩ ወጣሁ። ሬጅስትራሩ አየውና መለሰልኝ። «ሞግዚት የተሾመላት ሰው የምታመለክተው በሞግዚቷ በኩል ነው። ሞግዚቷ ፈርሞ ያምጣ።»

ወርጄ ነገርኳቸው። ኦቦ ሞቱማ ጃንጥላውን ቀና ብለው አዩት። «የምታመለክተው እኮ ሞግዚቷ ይነሳልኝ ብላ ነው! ሂጂ በያቸው፣ ሕጉ ራሷ ማመልከት ትችላለች ይላል።» ወጣሁ። «ይህን የሚለው ማነው?» አለ ሬጅስትራሩ። ወረድኩ። «ሕጉ ነው በያቸው።» ወጣሁ። «ራሳቸው መጥተው ያስረዱኝ።» ወረድኩ። ይህችን ስነግራቸው ኦቦ ሞቱማ የሕጉን መጽሐፍ አንቀጹ ላይ እስክሪብቶ ሰክተው አሸከሙኝ። ሬጅስትራሩ አነበበ፣ ማኅተሙን አነሳ፣ መታ። እግሬ ሲንቀጠቀጥ አይቶ «ልጅ፣ ስፖርት ጥሩ ነው» አለኝ።

ለኅዳሩ ቀጠሮ እናቴ እኔን አልወሰደችኝም። «አንቺ ትምህርት ቤት» አለችኝ። በደህና አስተርጓሚ ላይ ግፍ መስሎ ታየኝ። ብቻዋን ሄዳ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ችሎት አስከባሪው ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራ። በእሱና በእሷ መካከል የነበረው ርቀት አንድ ክንድ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቀች። «አመልካች ተጠርታ ስላልቀረበች መዝገቡ ተዘግቷል» ይላል ሃያ አንደኛው ገጽ። ሕንፃው ሲቆለፍ ያስወጣት ዘበኛው ነው።

ኦቦ ሞቱማ መዝገቡን ለማስከፈት ሌላ ማመልከቻ ጻፉ። እናቴ በበኩሏ ሦስት ቀን መኪናዋ ላይ አጎንብሳ አንድ ጥቁር ኮት ሰፋች። ጀርባው ላይ በነጭ ጨርቅ፣ ከላይ በአማርኛ፣ ከሥሩ በኦሮምኛ፣ የሱቅ ታፔላ በሚያህል ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ውብአየሁ እኔ ነኝ። አልሰማም። ስትጠሩኝ ትከሻዬን ንኩ።»

ይህ ሁሉ ለአዲስ ሞግዚት የሚደረግ ትግል መስሎኝ ነበር፤ ጋሽ ዳኜን አስነስተን እውነተኛይቱን የምናስመጣ። ስለዚህ በዕለቱ አብሬያት ሄድኩ። ግን አፈርኩባት፤ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከኋላ ስለሆንኩም ሁሉንም አየሁ። የታክሲ ረዳቱ ትከሻዋን ነክቶ «ውብአየሁ!» አለ። ቲማቲም ሻጯ ነካቻት። አንድ ሽማግሌ ቆመው ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ ነክተዋት፣ እጅ ነስተው አለፉ። እናቴ በተነካች ቁጥር እየዞረች ፈገግ ትላለች። ችሎት ስትደርስ ከተማው ግማሹ ያውቃታል። ችሎት አስከባሪው ሊጠራ አፉን ሲከፍት ጀርባዋን አዙራ ቆመችለት። አነበበ። አፉን ዘጋ። በአንድ ጣቱ ትከሻዋን ነካት።

ዳኛዋ የእናቴን ገጽ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። መጨረሻው መስመር ላይ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

ጋሽ ዳኜ ብድግ አለ። «ክብርት ዳኛ፣ ይህን እሷ አልጻፈችውም። ልትጽፍ አትችልም። ሰው አጽፏት ነው።»

«ስትጽፍ ያየ ምስክር አለ?» አሉ ዳኛዋ። እናቴ እፊታቸው ቆማለች፤ እስክሪብቶ ደግሞ በእጃቸው ነው።

«አለ» አልኩ። «ኦቦ ሞቱማ።»

«ለምን አልቀረበም?»

«ቀርበዋል፣ ክብርት ዳኛ» አለ የሱፍ። «ታች ናቸው።»

«ይውጣ።»

«አይወጡም።»

«እምቢ አለ?»

«ደረጃው ነው እምቢ ያለው፣ ክብርት ዳኛ።»

ችሎት አስከባሪው አራት ሰዎች አሰባስቦ ተሸክሞ ሊያመጣቸው ወረደ። እኔም ተከተልኩ። ኦቦ ሞቱማ የወንበራቸውን ፍሬን ያዙ። «ለዳኛዋ ትነግሪልኛለሽ» አሉኝ። «ሰው በአራት ሰው የሚነሳው ሬሳ ሲሆን ነው፤ እኔ ገና ምስክር ነኝ በያቸው።» ሮጬ ወጥቼ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ነገርኳቸው። አንድም ሰው አልሳቀም። ዳኛዋ ወደ መስኮቱ ሄደው ወደ ታች አዩ።

«አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይሉኛል» አሉ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ መዝገቡን ብብታቸው ሥር አድርገው ደረጃውን ወረዱ። ችሎቱ በሙሉ ተከተላቸው። የሱፍ ጠረጴዛ ተሸከመ፤ ችሎት አስከባሪው የዳኛዋን ወንበር ራሱ ላይ ደፍቶ ወረደ። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ አሸዋ በጫነ አይሱዙ ጥግ፣ ችሎት ተሰየመ።

«ይህን ጽሑፍ ማን ጻፈው?» አሉ ዳኛዋ።

ኦቦ ሞቱማ ማሉ፤ ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ክብርት ዳኛ፣ እሷ ናት የጻፈችው። ግን እኔን ከሚጠይቁ እስክሪብቶውን ለምን አይሰጧትም?»

ዳኛዋ እጃቸው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አዩት፤ መኖሩን ገና ያወቁ ይመስል። ወረቀት ስበው በአማርኛ ጻፉና ለእናቴ ዘረጉላት። ወረቀቱ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ነው። «ማንበብና መጻፍ ትችያለሽ?» ይላል የዳኛዋ ጽሑፍ። ከሥሩ የእናቴ፦ «አሁን ምን እያደረግሁ ይመስልዎታል?»

አንድ ሰዓት ያህል ተጻጻፉ። ላስተረጉም ብድግ ባልኩ ቁጥር «አንቺ ተቀመጪ» ይሉኛል። ጥፋት የሠራሁ መሰለኝ። የሠራሁት ጥፋት የቱ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ፤ የሱፍ አማርኛ አደረገው። «ውብአየሁ ሞግዚት አያስፈልጋትም። የተሰጠው ሹመት ተነስቷል።» ሰው አጨበጨበ። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ደክሜ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ ወርጄ፣ ሞግዚት አያስፈልጋትም! አንዲት እናት አቅፈው ሳሙኝ። «የደስታ እንባ ነው» አሉ ለሰዎቹ። ጋሽ ዳኜ «ለእሷ ብዬ እኮ ነው» እያለ ወደ አስፓልቱ ሄደ። ሦስት ዓመት አኮረፈን። ሰላማዊ ዓመታት ነበሩ።

አምና እናቴ ቤቱን ልታድስ ፈቃድ ስትጠይቅ የክፍለ ከተማው ሰዎች «ሞግዚቷ ይፈርሙ» አሏት። ሹመቱ ሲሰጥ የተጻፈላቸው ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ አለ፤ ሲነሳ የጻፈላቸው የለም። የውሳኔውን ግልባጭ ልናወጣ ሁለታችን ወደ ፍርድ ቤቱ ሄድን። አሁን ለተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ተሠርቶለታል። ያማረ ነው፤ ኦቦ ሞቱማ ወጥተውበታል። መጨረሻው ላይ ያለው በር ተቆልፎ አገኙት፤ ቁልፉ ፎቅ ላይ ነው አሏቸው። ስለ አካል ጉዳተኞች የፍትሕ ተደራሽነት የሚሰጠውን ሥልጠና እንዲከፍቱ በክብር እንግድነት ጋብዘዋቸው ነበር፤ አዳራሹም እዚያው ፎቅ ላይ። «ንግግሬን ከታች ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ መስኮት ክፈቱ» ብለው መለሱ። የግልባጭ ክፍሏ ወጣት ደግሞ «እናትሽ ራሳቸው ለምን አልመጡም?» አለችኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ የልጅቱን ሹራብ አሠራር እየመረመረች ነበር።

መዝገቡን ያገላበጥኩት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ጥፋተኛው ጋሽ ዳኜ ብቻ ነበር። ስድስተኛው ገጽ ላይ ግን «በአስተርጓሚ አማካይነት አረጋግጣለች» የሚለውን አየሁ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

ቤት ገብተን ገጹን እናቴ ፊት አስቀመጥኩት። ዳንቴል እየሠራች ነበር። በእጄ ልነግራት ሞከርኩ፤ ጣቶቼ ተሳሰሩብኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «የጠየቁሽ ሌላ ነበር። የነገርኩሽ ሌላ ነው።»

ገጹን ሳታየው ወደ ጎን ገፋችው። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጃንጥላው ሥር። ሞቱማ ጻፈልኝ።»

አሥራ አራት ዓመት። እንዲህ ያለ ዝምታ ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እናቴ ደግሞ ዝም የምትል ሰው አይደለችም፤ እጇ ለአፍታ አያርፍም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ዳንቴሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሁለቱንም እጆቼን ያዘቻቸው፤ ይህን የምታደርገው እንዳልመልስላት ስትፈልግ ነው። ከዚያ ለቀቀቻቸውና ቀስ ብላ፣ አንድም ምልክት እንዳያመልጠኝ እየተጠነቀቀች ነገረችኝ።

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ብነግርሽ እጅሽን ትሰበስቢብኝ ነበር። ከዚያ እኔ ከማን ጋር ላወራ?»